የስኳር ማያያዣ ቦታዎች በፕሮቲን ላይ

የስኳር ማያያዣ ቦታ ወይም የግላይኮሲሌሽን ቦታ ማለት በአንድ ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ውስጥ የስኳር ሰንሰለት የሚያያዝበት አሚኖ አሲድ ነው። ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን ግላይኮፕሮቲን ይባላል። የወተት፣ የእንቁላል ነጭ፣ የንፍጥ፣ የእርሾ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስና የነቀርሳ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ግላይኮፕሮቲኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት በተፈጥሮ ካሉት ፕሮቲኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስኳር የሚሸከሙ መሆናቸውን ገምቷል።

እዚህ ላይ «ስኳር» ሲባል ሻይ ውስጥ የሚጨመረው ሱክሮስ አይደለም። እንደ ማኖስ፣ ጋላክቶስ፣ ፉኮስ፣ ኤን-አሴቲል ግሉኮሳሚን እና ሲያሊክ አሲድ ያሉ ቀላል ስኳሮች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱን የሚሠሩትና የሚያያይዙት ኢንዛይሞች ናቸው። የስኳር ሕመምተኞች የሚመረመሩት ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ ከዚህ ይለያል። እሱ በደም ውስጥ የበዛ ግሉኮስ ያለ ኢንዛይም እርዳታ ከሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ የሚፈጠር ሲሆን፣ ሂደቱ ግላይኬሽን ይባላል። ሁለቱን ስሞች ማምታታት በመማሪያ መጻሕፍት ጭምር ያጋጥማል።

የጽሕፈቱ ደንብ

ፕሮቲን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የተገመደ ረጅም ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በአንድ ፊደል ስለሚወከል አንድን ፕሮቲን እንደ ረጅም ቃል ማንበብ ይቻላል። ለምሳሌ አስፓራጂን በ«ኤን»፣ ሴሪን በ«ኤስ»፣ ትሪዮኒን በ«ቲ»፣ ፕሮሊን በ«ፒ» ይጻፋሉ። ታዲያ በዚህ ቃል ውስጥ ስኳሩ የት ላይ ይቀመጣል?

በጣም የታወቀው ዓይነት ኤን-ተያያዥ የሚባለው ነው። ስያሜው ስኳሩ በአስፓራጂን ላይ ካለው የናይትሮጅን አቶም ጋር ስለሚያያዝ የተሰጠ ነው። ሆኖም ማንኛውም አስፓራጂን ስኳር አይቀበልም። አስፓራጂኑን አንድ ማንኛውም አሚኖ አሲድ ሊከተለው፣ ከዚያም በሦስተኛው ቦታ ላይ ሴሪን ወይም ትሪዮኒን ሊገኝ ይገባል። መካከለኛው ፕሮሊን ከሆነ ደንቡ ይፈርሳል። ይህ የሦስት አሚኖ አሲዶች ምልክት ሴኮን ይባላል፤ ባጭሩ ኤን–ኤክስ–ኤስ ወይም ኤን–ኤክስ–ቲ ተብሎ ይጻፋል። አልፎ አልፎ በሦስተኛው ቦታ ሲስቲን ያለበት ሴኮንም ስኳር ሲቀበል ታይቷል።

ሴኮን በዘፈቀደ ምን ያህል ጊዜ ሊገኝ እንደሚችል ማስላት ቀላል ነው። ከአሚኖ አሲዶች ውስጥ አስፓራጂን 4 በመቶ ገደማ፣ ሴሪንና ትሪዮኒን ተደምረው 13 በመቶ ገደማ፣ ፕሮሊን ደግሞ 5 በመቶ ገደማ ናቸው። ስለዚህ 0.04 ሲባዛ በ0.95፣ ሲባዛ በ0.13 ወደ 0.005 ይሆናል። በየ200 አሚኖ አሲዶች አንድ ሴኮን ይጠበቃል ማለት ነው። 500 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን በዕድል ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ሴኮን ይኖረዋል። ከዚህ ስሌት የሚወጣው ትምህርት ሴኮን ማግኘት ስኳር እንደማግኘት የማይቆጠር መሆኑ ነው። ስሌቱ የሚያዳልጥበትም ቦታ አለ። የወባ አምጪው ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ዘረመል በአዴኒንና በታይሚን ስለተጨናነቀ ፕሮቲኖቹ በአስፓራጂን የተሞሉ ናቸው። ሴኮኖቹም እንዲሁ ብዙ ናቸው። ጥገኛው ግን የሚሠራቸው የኤን-ተያያዥ ስኳሮች እጅግ አጫጭር ናቸው።

ሴኮን ኖሮ ስኳር የማይኖርበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት ቦታው ነው። ስኳሩን የሚያያይዘው ኢንዛይም ኦሊጎሳካሪልትራንስፈሬዝ ይባላል። የሚሠራው ኢንዶፕላስሚክ ሬቲኩለም በተባለው የሕዋስ ክፍል ውስጠኛው ወገን ብቻ ነው። በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ የሚቀር ፕሮቲን የቱንም ያህል ሴኮን ቢይዝ ይህን ኢንዛይም አያገኘውም። ወደ ውስጥ የሚገባው ፕሮቲን ደግሞ ገና ከራይቦዞም እየተሠራ ሳለ ባለ 14 ስኳር ዝግጁ ሰንሰለት ባንዴ ይለጠፍበታል። ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱ ይከረከማል፣ ይጨመርበታል፤ ጎልጂ በተባለው ክፍልም የመጨረሻ ቅርጹን ይይዛል።

በሰንሰለቱ ላይ ያለው ርቀትም ይቆጠራል። ሴኮኑ ፕሮቲኑ ሽፋኑን አቋርጦ ከሚያልፍበት ቦታ ቢያንስ 12 ያህል አሚኖ አሲዶች መራቅ አለበት፤ ያለበለዚያ ኢንዛይሙ አይደርስበትም። ወደ ፕሮቲኑ የመጨረሻ ጫፍ የተጠጉ ሴኮኖችም ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራሉ። ምክንያቱም የቀረችው ሰንሰለት አጭር ስለሆነች ፕሮቲኑ ቶሎ ተሠርቶ ይጠናቀቃል፣ ኢንዛይሙም ጊዜ ያጥረዋል። ፕሮቲኑ ቀድሞ ከታጠፈም ሴኮኑ ተደብቆ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት የፊደሎቹ ምርጫ ነው። ትሪዮኒን ያለበት ሴኮን ሴሪን ካለበት በተሻለ ይሞላል። መካከለኛው ፊደልም ዝም ብሎ «ማንኛውም» አይደለም። የእንቁላል ነጭ ዋና ፕሮቲን የሆነው ኦቫልቡሚን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለት ሴኮኖች አሉት። አንዱ በ292ኛው ቦታ የሚጀምረው አስፓራጂን–ሌዩሲን–ትሪዮኒን ሲሆን ስኳር ይሸከማል። ሌላው በ311ኛው የሚጀምረው አስፓራጂን–ሌዩሲን–ሴሪን ሲሆን እንቁላሉ ውስጥ ባለው ፕሮቲን ላይ በአብዛኛው ባዶ ነው። የሁለቱ ልዩነት በጽሑፍ ሲታይ አንድ ፊደል ብቻ ነው። ስኳር የፕሮቲኑ ቆሻሻ ሳይሆን አካሉ መሆኑን አልበርት ኑበርገር ያሳዩትም በዚሁ የእንቁላል ፕሮቲን ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ

የመካከለኛው ፊደል ኃይል በዝርዝር የተፈተነው በእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ላይ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚያስተላልፉት የቆየ ችግር ነው። ቫይረሱ በላዩ ላይ የሚታየው አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ስሙም ግላይኮፕሮቲን ጂ ነው። ወደ ነርቭ ሕዋስ የሚገባበት በር ይኸው ፕሮቲን ሲሆን፣ በክትባት የሚነሳው ፀረ እንግዳ አካልም የሚያነጣጥረው እሱን ነው።

በቤተ ሙከራ በሰፊው የተጠናው የጂ ፕሮቲን 505 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ሴኮኖቹም በ37ኛው፣ በ247ኛውና በ319ኛው ቦታ ላይ ይገኛሉ። ሦስተኛው በሁሉም የቫይረሱ ዝርያዎች ላይ ሳይቀየር የሚገኝ ነው። የመጀመሪያው ግን አስፓራጂን–ሌዩሲን–ሴሪን ስለሆነ እንደ እንቁላሉ ሁለተኛ ሴኮን ሁሉ ስኳር በደንብ አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች በዚህ በ37ኛው ሴኮን መካከል ሌዩሲኑን እያወጡ ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች በየተራ ተኩ። ትሪፕቶፋን፣ አስፓርቲክ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድና ሌዩሲን ሲሆኑ ስኳሩ በጥቂቱ፣ ብዙዎቹ ሌሎች ሲሆኑ በብዛት ተያያዘ። ሴሪኑን በትሪዮኒን ሲተኩት ደግሞ የመካከለኛው ፊደል ተጽዕኖ በእጅጉ ቀነሰ። ሦስቱም ሴኮኖች ከተሰረዙ ፕሮቲኑ ወደ ሕዋሱ ገጽ አይወጣም። ፕሮቲኑ ያለ ስኳር በትክክል መታጠፍ ስለማይችል በውስጥ ተይዞ ይቀራል።

ቫይረሱ የራሱ ስኳር ሠሪ ኢንዛይም የለውም፤ የያዘውን ሕዋስ ኢንዛይሞች ይጠቀማል። ስለዚህ ስኳሩ የሚያያዝበትን ቦታ የሚወስነው የቫይረሱ ቅደም ተከተል ሲሆን፣ የስኳሩን ዓይነት የሚወስነው ግን የተያዘው እንስሳ ወይም ሕዋስ ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የፌርሚ ዓይነት ክትባት ከበግ አንጎል ይሠራ ነበር፤ ዘመናዊዎቹ ክትባቶች በሕዋስ ብጤ ውስጥ ይመረታሉ። በሁለቱም መንገድ የጂ ፕሮቲን ስኳር ከአምራቹ ሕዋስ የሚመጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቦታ ቁጥሮች ከመዝገብ ወደ መዝገብ ይለያያሉ። የእብድ ውሻ ቫይረሱ ጂ ፕሮቲን ሲሠራ 19 አሚኖ አሲድ ያለው መሪ ቅጥያ ከፊቱ ይኖረዋል፤ በኋላ ይቆረጣል። በዩኒፕሮት መዝገብ ቁጥሩ ከመሪው ስለሚጀምር 319ኛው አስፓራጂን 338ኛ ሆኖ ይገኛል። ይህን ያላወቀ ተማሪ የተሳሳተ ፊደል ላይ ቆሞ ደንቡ ተጥሷል ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ኦ-ተያያዥ ስኳሮችና የሱሉልታ ወተት

ሁለተኛው ትልቅ ዓይነት ኦ-ተያያዥ ይባላል። ስኳሩ በሴሪን ወይም በትሪዮኒን ላይ ባለው የኦክስጅን አቶም በኩል ይያያዛል። እዚህ ላይ እንደ ሴኮን ያለ ቁርጥ ያለ ደንብ የለም። ያለው ዝንባሌ ነው፦ ሴሪንና ትሪዮኒን የተከማቹበት፣ ፕሮሊን በአጠገባቸው ያለበት፣ ያልታጠፈና የተዘረጋ የፕሮቲን ክፍል ይመረጣል። በሰው አካል ውስጥ የመጀመሪያውን ስኳር የሚያስቀምጡ 20 ያህል ኢንዛይሞች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ምርጫ አለው። የንፍጥ ፕሮቲን የሆነው ሙክ ዋን 20 አሚኖ አሲድ ያለውን ክፍል ደጋግሞ የሚጽፍ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ አምስት ስኳር ሊቀበሉ የሚችሉ ቦታዎች አሉ። ንፍጥ የሚያሙለጨልጨውና ውሃ የሚይዘው በነዚህ ስኳሮች ብዛት ነው።

ለዚህ ዓይነት ከቤት የማይርቀው ምሳሌ ወተት ነው። ለአዲስ አበባ ወተት የሚያቀርቡት ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሌሎች በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ ተካተዋል። ከወተት ፕሮቲኖች ውስጥ ካፓ-ኬዚን ሌሎቹ ኬዚኖች ተሰብስበው እንዳይረጉ የሚጠብቅ ነው። የወተት ደቂቅ ቅንጣቶች ላይ እንደ ፀጉር ቆሞ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋል።

የካፓ-ኬዚን ቅደም ተከተል 169 አሚኖ አሲዶች አሉት። አስፓራጂኖቹ ስምንት ናቸው። ከነዚህ ሦስቱን፣ ማለትም 81ኛውን፣ 123ኛውንና 160ኛውን፣ ወዲያው ትሪዮኒን ይከተላቸዋል። ላይ ላዩን ሲታይ ሴኮን ይመስላሉ፤ ነገር ግን ትሪዮኒኑ መገኘት ያለበት በሦስተኛው ቦታ እንጂ በሁለተኛው አይደለም። ስለዚህ በዚህ ፕሮቲን ላይ አንድም ሴኮን የለም፣ ኤን-ተያያዥ ስኳርም የለም። ስኳሮቹ ሁሉ ኦ-ተያያዥ ሲሆኑ የሚገኙትም በጅራቱ ላይ፣ ከ106ኛው እስከ 169ኛው ባለው ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ 64 አሚኖ አሲድ ባለው ጅራት ውስጥ 18ቱ ሴሪን ወይም ትሪዮኒን ናቸው። በተለይ ከ131 እስከ 136 ያለው ክፍል ትሪዮኒን–ሴሪን–ትሪዮኒን–ፕሮሊን–ትሪዮኒን–ትሪዮኒን ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰውን ዝንባሌ የሚያሳይ ነው። ሁሉም ቦታዎች ግን አይሞሉም። ከአንዲት ላም በተገኘ ወተት ውስጥ እንኳ ስኳር የሌለው፣ አንድ ስኳር ያለውና ብዙ ያለው ካፓ-ኬዚን ጎን ለጎን ይገኛሉ።

በላሞች መካከልም ልዩነት አለ። ኤ የሚባለው የካፓ-ኬዚን ዓይነት በ136ኛው ቦታ ላይ ትሪዮኒን ሲኖረው፣ ቢ የሚባለው ኢሶሌዩሲን ነው ያለው። ኢሶሌዩሲን ኦ-ተያያዥ ስኳር መሸከም ስለማይችል ያ ቦታ በቢ ላይ የለም።

የጅራቱ ስኳር ጥቅም ጥጃ ሲጠባ ይታያል። በጥጃ ሆድ ውስጥ ያለው ካይሞሲን ኢንዛይም ፕሮቲኑን በ105ኛውና በ106ኛው አሚኖ አሲድ መካከል ይቆርጠዋል። ስኳር የያዘው ጅራት ተለይቶ ወደ አጓቱ ሲሄድ ቅንጣቶቹ ጠባቂያቸውን ስለሚያጡ ወተቱ ይረጋል። በሬኔት የሚሠሩት የፈረንጅ አይቦች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። የኢትዮጵያ አይብ ግን ቅቤው ከወጣለት ከእርጎ በሙቀትና በኮምጣጤነቱ ስለሚሠራ ይህ መቆረጥ አያስፈልገውም።

የከብት ነቀርሳና የሰበታ ሙከራ

ባክቴሪያዎችም ፕሮቲናቸው ላይ ስኳር ያኖራሉ። ለረጅም ጊዜ ይህ የእንስሳትና የዕፅዋት ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የነቀርሳ ባክቴሪያዎች ማኖስን በትሪዮኒን ላይ ያያይዛሉ፤ አሠራራቸውም ከእርሾ ጋር ይመሳሰላል። አፓ የተባለው የሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ ፕሮቲን በ10ኛው፣ በ18ኛው፣ በ27ኛውና በ277ኛው ትሪዮኒን ላይ ማኖስ ይሸከማል። ሦስቱ በመጀመሪያው ጫፍ ተሰብስበው አንዱ በመጨረሻው ጫፍ ላይ መሆኑ ልብ የሚባል ነው፤ ሁለቱም ጫፎች በፕሮሊን የበለጸጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ይህ ፕሮቲን በኢ. ኮላይ ውስጥ ያለ ማኖሶቹ ሲሠራ የቲ-ሕዋሶችን ምላሽ የማነሳሳት አቅሙ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማለትም የመከላከያ ሥርዓቱ የሚለየው የአሚኖ አሲዶቹን ጽሕፈት ብቻ አይደለም።

የከብት ነቀርሳ አምጪው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ደግሞ ኤም ፒ ቢ 83 የሚባል ፕሮቲን አለው። በላዩ ላይ ማኖስ የሚገኝባቸው ሁለት ጎረቤታሞች ትሪዮኒኖች፣ 48ኛውና 49ኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ተለይተዋል። ይህ ፕሮቲን በከብት ነቀርሳ ባክቴሪያ ላይ በብዛት፣ በሰው ነቀርሳ ባክቴሪያ ላይ ግን በጥቂቱ ነው የሚመረተው። በዚህ ምክንያት ለከብቶች የደም ምርመራ አገልግሎት ላይ ውሏል።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የወተት ከብቶች ላይ የተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ከብቶች 30 በመቶ ያህሉ በቆዳ ምርመራ ነቀርሳ እንዳለባቸው አግኝቷል። ባክቴሪያው ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። በበለጸጉ አገሮች የታመመውን ከብት መርምሮ ማረድ የተለመደ ነው። ሁለትና ሦስት ላም ያለውን የሱሉልታ ወይም የቡራዩ አርቢ ያለ ካሳ ይህን አድርግ ማለት ግን መተዳደሪያውን መንጠቅ ነው።

በሰበታ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የተካሄደ አንድ ሙከራ ሌላ መንገድ ፈትኗል። የተከተቡና ያልተከተቡ ጥጆች ከታመሙ ከብቶች ጋር አብረው እንዲኖሩ ተደረገ። ክትባቱ ለሰው ሕፃናት የሚሰጠው ቢ ሲ ጂ ነው፤ አልበር ካልሜትና ካሚል ጌረን ከራሱ ከከብት ነቀርሳ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1921 ድረስ እያባዙ ያዳከሙት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የፔን ስቴትና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። ክትባቱ ከብቱን ከመያዝ በ58 በመቶ፣ የተያዘውም ወደ ሌላ እንዳያስተላልፍ በ74 በመቶ፣ ሁለቱ ተደምረው መተላለፉን በ89 በመቶ እንደሚቀንስ ተገምቷል።

ችግሩ የቆየው የቱበርኩሊን ምርመራ ክትባትን ከበሽታ መለየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ቢ ሲ ጂ ላይ የሌሉ ኢ ሳት 6 እና ሲ ኤፍ ፒ 10 የተባሉ ፕሮቲኖች ያሉባቸው አዳዲስ ምርመራዎች ያስፈልጋሉ። ለእንዲህ ያለ ምርመራ ፕሮቲን ሲመረጥ በተፈጥሮው ስኳር ያለው መሆን አለመሆኑ መታወቅ አለበት፤ ርካሹ የማምረቻ መንገድ ኢ. ኮላይ ሲሆን ባክቴሪያው የነቀርሳን ማኖሶች አያያይዝም።

ሌሎች ዓይነቶች ባጭሩ

በኮላጅን ላይ ጋላክቶስና ግሉኮስ በተቀየረ ላይሲን ላይ ይያያዛሉ። ማኖስ በትሪፕቶፋን ላይ በካርቦን በኩል የሚያያዝበት ዓይነትም አለ፤ ምልክቱ በሁለት ትሪፕቶፋኖች መካከል ሁለት ማንኛውም አሚኖ አሲድ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጀራልድ ሃርት እና ባልደረባቸው ያገኙት ደግሞ በሕዋሱ ፈሳሽና በኒውክሊየስ ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ የሚቀመጥ አንዲት ነጠላ ስኳር ነው። ይህች ስኳር ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፤ ከቋሚ ጌጥ ይልቅ ከመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ጋር ትመሳሰላለች።

በኮምፒውተር መፈለግ

ሴኮን መፈለግ ለጀማሪ ፕሮግራም ጸሐፊ ጥሩ ልምምድ ነው። መደበኛ አገላለጽ በሚባለው የፍለጋ ቋንቋ «ኤን፣ ቀጥሎ ከፒ በቀር ማንኛውም፣ ቀጥሎ ኤስ ወይም ቲ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱበት ግን አንድ ነገር አለ። ቅደም ተከተሉ ኤን–ኤን–ቲ–ኤስ ከሆነ ሁለት ተደራራቢ ሴኮኖች አሉ፤ ከመጀመሪያው ኤን የሚጀምረው ኤን–ኤን–ቲ እና ከሁለተኛው የሚጀምረው ኤን–ቲ–ኤስ። ተራው ፍለጋ ሦስቱን ፊደሎች አንድ ጊዜ ከዋጠ በኋላ ወደፊት ስለሚቀጥል ሁለተኛውን ይዘለዋል። መፍትሔው ፊደሎቹን ሳይበላ ወደፊት ብቻ የሚያይ አገላለጽ መጠቀም፣ ወይም በእያንዳንዱ ቦታ ላይ በተራ መፈተሽ ነው። ሱክሮስን የሚሰባብረው የእርሾ ኢንቨርቴዝ 14 ሴኮኖች ስላሉት ፕሮግራሙን ለመፈተን ይመቻል። ሴኮኖቹ እኩል የማይሞሉ መሆናቸውም የፍለጋውን ወሰን ያሳያል።

ከፍለጋው በኋላ ማጣራት ይከተላል፦ ፕሮቲኑ መሪ ቅጥያ አለው ወይ? ሴኮኑ ያለው ከሽፋኑ በየትኛው ወገን ነው? ለጫፉ ምን ያህል ይቀርባል? ለኦ-ተያያዥ ቦታዎች ቁርጥ ያለ ምልክት ስለሌለ የግድ በምሳሌ የሚማር ሥርዓት ያስፈልጋል። የዴንማርክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው ኔትኤንግላይክና ኔትኦግላይክ ለዚህ በሰፊው ያገለግላሉ። ውጤታቸው ግምት ነው፤ ማረጋገጫው በማስ ስፔክትሮሜትር የሚደረግ ልኬት ነው።

አንዲት ፊደል ስትቀየር

የኩላሊት ሕመምተኞች ለደም ማነስ የሚወስዱት ኤሪትሮፖይቲን 165 አሚኖ አሲድ ያለው ሆርሞን ነው። ኤን-ተያያዥ ስኳሮች በ24ኛው፣ በ38ኛውና በ83ኛው፣ አንድ ኦ-ተያያዥ ደግሞ በ126ኛው ቦታ ላይ አሉት። መሐንዲሶች ጥቂት ፊደሎችን ቀይረው በ30ኛውና በ88ኛው ቦታ ላይ ሁለት ተጨማሪ ሴኮኖች ጻፉበት። አዲሱ መድኃኒት፣ ዳርቤፖይቲን፣ በደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለረዘመ መርፌው በሳምንት ብዙ ጊዜ መወጋቱ ቀረ።

በተቃራኒው የማያስፈልግ ሴኮን መፈጠር ያሳምማል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት በቀላሉ በነቀርሳ ቤተሰብ ባክቴሪያዎች የሚጠቁ ሕሙማን ላይ የኢንተርፌሮን ጋማ ተቀባይ ሁለተኛ ክፍል 168ኛው ትሪዮኒን ወደ አስፓራጂን ተቀይሮ አግኝቷል። በዚህ ለውጥ አዲስ ሴኮን ተፈጠረ፣ ስኳርም ተያያዘበት፣ ተቀባዩም መሥራት አቆመ። የሕሙማኑ ሕዋሶች የስኳር አሠራርን በሚያውኩ ንጥረ ነገሮች ሲታከሙ ምላሻቸው ተመለሰ። ጥፋቱ የአሚኖ አሲዱ መቀየር ሳይሆን በላዩ የመጣው ስኳር እንደነበር የታወቀው በዚህ ነው።

የወባ ክትባት ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያደርጋሉ። የፋልሲፓረምን ፕሮቲን በእርሾ ወይም በእንስሳ ሕዋስ ውስጥ ሲያመርቱ ጥገኛው ራሱ የማያኖረው ረጅም ስኳር በሴኮኖቹ ላይ ይለጠፍና ፀረ እንግዳ አካሉ የሚፈልገውን ገጽ ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ በሴኮኖቹ ሦስተኛ ቦታ ያለውን ሴሪን ወይም ትሪዮኒን ብዙ ጊዜ በአላኒን ይተኩታል።